ማን ቀረ? ከዱባይ ተራ እስከ ዱባይ የሚዘረጋው ማዕድ



ረመዳን ሲቃረብ መርካቶ ዱባይ ተራ የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ሻንጣ ያያል። አንደኛው ከዱባይ የመጣው ነው። ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና አባያ ተጠቅጥቆበት ይደርሳል፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንግድ ነው። ዛሬ ከሚሸጠው ዕቃ ብዙው በቻይና የተሠራ ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም። ሁለተኛው ሻንጣ ወደ ዱባይ የሚሄደው ነው። ነጋዴው ወደዚያ ሲነሳ የሚጭነው ዕቃ ስለማይበዛ «ኪሎ አለህ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣበታል። አንዷ እናት በርበሬ፣ ሌላዋ ምጥን ሽሮ፣ ሦስተኛዋ ድርቆሽ ቋጥረው፣ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ያስረክቡታል።

ስለ አንደኛው ሻንጣ ብዙ ተብሏል፤ ቀረጡም፣ ዋጋውም፣ የውጭ ምንዛሬውም ዘወትር ይወራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ሁለተኛውን ነው። ያ በርበሬ የት ያርፋል? ማን ይሠራዋል? ማን ይበላዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ሳይበላው ይቀራል?

ሻንጣው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዴይራ ወይም ቡር ዱባይ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው በጋራ በተከራየው ክፍል ነው። የዕረፍት ቀን ሲደርስ እህቶች ተሰብስበው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሳምቡሳ ይጠቀልላሉ፣ ሾርባ ይጥዳሉ። እንጀራው ከአገር ቤት በአውሮፕላን የመጣ ወይም እዚያው ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ ይሆናል። ወንድሞች ተምርና ውኃ ይዘው ይመጣሉ። መግሪብ ሲደርስ ይፈጠራል፣ በጀመዓ ይሰገዳል፣ ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል፣ ቡናው ይከተላል።

ይህን ከናፍቆት ጋር ብቻ የሚያያይዙት ሰዎች አሉ። ናፍቆቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በዱባይ በረመዳን ምግብ አጥቶ የሚያፈጥር ሰው ብዙም የለም። በየመስጊዱና በየድንኳኑ ሩዝ በሥጋ፣ ተምርና እርጎ በነፃ ይታደላል። የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ በዚህ ለጋስነቱ ምስጋና ይገባዋል። ታዲያ ነፃ ምግብ ደጃፉ ላይ እያለለት፣ ከደመወዙ ቆርሶና ያለችውን አንድ የዕረፍት ቀን ሠውቶ ወጥ የሚሠራው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

መልሱ ከሳህኑ ዙሪያ ካለው ወሬ ይገኛል። በድንኳኑ ውስጥ ጎንህ የተቀመጠው ሰው ቋንቋህን አያውቅም፤ በልተህ ትነሳለህ። በእነዚህ ክፍሎች ግን «እንትና ለምን ቀረች?» ተብሎ ይጠየቃል። የማን ደመወዝ ስንት ወር እንዳልተከፈለ፣ ማን ታሞ እንደተኛ፣ የማን አባት አገር ቤት እንዳረፉ፣ የማን ስልክ ከሳምንት በላይ እንደተዘጋ የሚሰማው እዚያ ነው። አገር ቤት ይህን የሚሠራው እድር፣ ጎረቤትና መስጊድ ነው። ስደት ላይ እድር የለም። ማዕዱ የእድሩን ቦታ ይይዛል።

መርካቶ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ከአገራቸው ወጥተው በመጡ ሰዎች የተሠራች ገበያ ናትና። ከጉራጌና ከስልጤ ምድር በልጅነታቸው መጥተው ሊስትሮና ተሸካሚ ሆነው የጀመሩ፣ ብዙ ሆነው በአንድ ክፍል እያደሩ ካለቻቸው አብረው የበሉ ሰዎች ናቸው ዛሬ ትልልቅ ሱቆች የያዙት። እድር በአዲስ አበባ እንዲስፋፋ ከጉራጌ የመጡ ስደተኞች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው በጉዳዩ ላይ ያጠኑ ሰዎች ይገልጻሉ። አብሮ ከመብላት ተነስቶ አብሮ እስከ መቅበር የደረሰው መንገድ ለዱባይ ተራ ነጋዴ የአባቱ ታሪክ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ደግሞ ከዚያም የራቀ ሥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሙስሊሞች የተጠለሉት በዚህችው ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ቃል አቀባያቸው የነበሩት ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከባለቤታቸው ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር እዚህ ለዓመታት ኖረዋል፤ ልጃቸው ዐብደላህም የተወለደው እዚሁ ነው። ቤተሰቡ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ መዲና ተመለሰ። በ8ኛው ዓመት ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። የሞታቸው ዜና በደረሰ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ምግብ ለመሥራት ፋታ የማይሰጥ ሐዘን ደርሶባቸዋልና። ይህን ሐዲስ ያስተላለፉልን ያው ሐበሻ የተወለዱት ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈር ናቸው፤ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

ሐዘን ላይ ላለ ቤት ምግብ የመሥራት ሱና የተያያዘው የስደትን ኑሮ ከቀመሰ፣ ያውም የእኛን አገር ውኃ ከጠጣ ቤተሰብ ጋር መሆኑ ሊያስተምረን ይገባል። ትዕዛዙን በጥሞና እናስተውለው። ቤተሰቡ ወደ ድግስ እንዲመጣ አልተጠራም፤ ምግቡ ነው ወደ እነሱ እንዲሄድ የታዘዘው። መምጣት ለማይችል ሰው ምግቡ ይሄድለታል። የዛሬው ችግራችንም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዱባይ በሚዘረጋው ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡት በአብዛኛው የዕረፍት ቀን ያላቸው ናቸው። ሱቅ፣ ሆቴል፣ ጽዳትና ሹፍርና ላይ የሚሠሩ፣ ለንግድ የመጡ፣ ተመላላሽ ሆነው የሚሠሩ። በአሠሪ ቤት ተቀምጣ የምትሠራዋ እህት ግን ብዙ ጊዜ የለችም። ለእሷ ረመዳን ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። የኢፍጧሩን ምግብ ታዘጋጃለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ሌሊት ሱሑር ታቀርባለች። ጾማ እየዋለች ለሌላው ኢፍጧር የምትሠራው እሷ ሆና ሳለ የአገሯን ሰው ማዕድ የማታየውም እሷ ናት። ሽሮው የተላከው በስሟ ሊሆን ይችላል፤ ከመንደሯ ሰው ጓደኛ ቤት ደርሶ እዚያው ይቀራል።

በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት በየጠዋቱ ስም እንጠራ ነበር። «አቤት» ያለውን ተማሪ ስም መዝለል ቀላል ነው። ዝም ያለው ስም ግን እጅ ያስይዛል። አንዳንዱ ዝምታ ሳምንት ሲሞላው፣ ልጅቷ ፓስፖርት አውጥታ ወደ አረብ አገር መሄዷን ከጓደኞቿ እንሰማ ነበር። ስሟ ከመዝገባችን ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መዝገብ ላይ ማን እንደሚጽፋት የምናውቀው ነገር አልነበረንም። የስደት ማዕድ አዘጋጆች ያንን መዝገብ መያዝ ይችላሉ ብለን እናምናለን። የመጡትን ከመቁጠር በፊት ያልመጣችውን መጥራት ነው ነገሩ።

ይህ የበጎነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን፤ ሕጉም ይደግፋታል። የተባበሩት ዐረብ ኢማራት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥታ በ2022 በአዲስ አዋጅ ተክታዋለች። በሕጉ መሠረት ሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ማረፍ አለባት፤ ከዚህም 8ቱ ሰዓት ተከታታይ መሆን ይኖርበታል። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን ራሷ መያዝ መብቷ ነው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር በ2017 ተመሳሳይ የሳምንት ዕረፍትን የሚደነግጉ ሕጎች አውጥተዋል። ችግሩ ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በቤቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረባት ሴት «ዛሬ ዕረፍቴ ነው» ብላ ለመናገር የሚያስደፍራት ነገር ትፈልጋለች። ከውጭ የሚያውቃት፣ ስሟን ጠርቶ የሚጠይቃት ጀመዓ መኖሩ አንዱ የሚያስደፍር ነገር ነው።

ዲናችንም በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግቡን ያዘጋጀውን አገልጋይ ጌታው አብሮት እንዲያስቀምጠው፣ ይህ ካልሆነ አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲሰጠው አዘዋል፤ የእሳቱን ሙቀትና ልፋቱን የተሸከመው እሱ ነውና። ይህ ሐዲስ ለአሠሪው ነው። ለእኛ ለጋባዦቹ ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት አለ፤ ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚተዉበት የሠርግ ግብዣ ከምግቦች ሁሉ ክፉው ተብሏል። በሱረቱል ኢንሳን የተወደሱት አብዪዎችም የሚያበሉት ለሚስኪን፣ ለየቲምና ለምርኮኛ ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ ምርኮኛው፣ በገዛ እግሩ ወደ ማዕዱ መምጣት የማይችል ሰው ነው። እሱን ማብላት የሚቻለው ወደ እሱ በመሄድ ብቻ ነው።

ማዕድ ከምግብ አልፎ የት ሊደርስ እንደሚችል ቤሩት አሳይታናለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ኢኮኖሚ ወድቆ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ያኔ ለወገኖቻቸው አስቤዛና የቤት ኪራይ ሲያደርሱ ከነበሩት መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ይገኛል። ያቋቋሙት ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ናቸው፤ የተመሠረተውም ከችግሩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። ችግር ሲመጣ የደረሱት አስቀድመው የተዋወቁ፣ ስም ለስም የሚጠራሩ ስለነበሩ ነው። የሃይማኖት ማኅበር አይደለም፤ ነገር ግን የጀመዓን ትርጉም በተግባር አስተምሮናል።

ወደ ዱባይ እንመለስ። በአሁኑ ወቅት ይህን ማዕድ የሚያጠቡት ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ክፍሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ያለ ፈቃድ በተሸነሸኑ ቤቶች ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። ከተጠቀሱት ሠፈሮች መካከል በዴይራ ያሉት ሪጋና ሙረቀባት ይገኙበታል። የእሳት አደጋን ለመከላከል የታሰበ እርምጃ ነው፤ ተገቢም ነው። ውጤቱ ግን ርካሽ ክፍል መጥፋቱ ነው። ሃያ ሰው የሚሰበሰብበት ማዕድ በእንዲህ ያለ ቤት መደረጉ ከእንግዲህ ለጋባዡም ለእንግዳውም አደጋ አለው።

ሁለተኛው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዱባይ ተራ ነጋዴ ትኬቱንና ማደሪያውን የሚያስበው በዚህ ነው። የጉዞው ወጪ ሲከብድ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ምልልሱ ሲቀንስ በርበሬ የሚጫንበት ሻንጣም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሕጉን አለማወቅ ነው። እዚያ ማዕድ ላይ የእህት ችግር ሲሰማ ወዲያው «እናዋጣ» ይባላል። ለእኛ ይህ እንደ መተንፈስ ነው። በኢማራት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሕዝብ መዋጮ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ እስራትና የገንዘብ መቀጮም ያስከትላል። በዱባይ ለሕዝብ የኢፍጧር ምግብ ማደል እንኳ ከእስልምና ጉዳዮችና በጎ አድራጎት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ቤትህ ጓደኞችህን ማብላት ሌላ ነው፤ ዝርዝር ይዞ ገንዘብ መሰብሰብ ሌላ ነው። በቅን ልቦና የተጀመረ ነገር ወንድሞቻችንን እስር ቤት እንዳያስገባ ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአቅማችን የታየንን እንጠቁም።

ለጋባዦች፦ ከእያንዳንዱ ግብዣ በፊት የሰፈራችሁን እህቶች ስም ጻፉ። ማን የዕረፍት ቀን እንዳላትና መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በኢማራት የመንግሥት የሳምንት ዕረፍት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ቀኑን በእናንተ ምቾት ሳይሆን በእነሱ ዕረፍት ወስኑ። ልትመጣ ያልቻለችው ምግቡ ይሂድላት። በባሕረ ሰላጤ አገሮች በረመዳን ከመግሪብ በፊት ጎረቤት ለጎረቤት ምግብ መላላኩ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሳህን ሳምቡሳ ይዛ «ረመዳን ከሪም» ብላ የአሠሪዋን በር የምታንኳኳ እህት የቤቱን ወግ አልጣሰችም፤ አክብራዋለች። የቤቲቱ እመቤትም ልጅቷ ጠያቂ ዘመድ እንዳላት ታውቃለች። ይህ ከምግቡ ይልቃል።

ደመወዝ ለተከለከለችው ወይም ወረቀቷ ለተያዘባት፣ ከመጥፋት በፊት ሕጋዊው መንገድ ይነገራት። ዱባይ ውስጥ የኢትዮጵያ ቆንስላ፣ አቡዳቢ ውስጥ ኤምባሲ አለ። የአገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስቴርም የሥራ አቤቱታ በ80084 ስልክ ይቀበላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ማስጠለልና ማሠራት ሕጉ እንደሚቀጣ እያወቅን በስሜት ብቻ መፍትሔ አንስጥ። ኢማራት እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማበት ቦታ ማዕዱ መሆን አለበት።

ማዕዱን በሰፈር አንከፋፍለው። የወሎ፣ የጅማ፣ የስልጤ፣ የአርሲ፣ የሐረር እየተባለ ሲከፈል ከየትኛውም ጋር የማትቆጠር አንዲት ልጅ ትኖራለች። ክርስቲያን እህታችንም ከጎን ቤት በዚያው ችግር ውስጥ ናት፤ የጎረቤት ሐቅ አላት።

ለዱባይ ተራ ነጋዴዎች፦ የያዛችሁት አማና ከበርበሬ በላይ ነው። ሆኖም ተቋጥሮ የተሰጣችሁን ሳትፈቱ አትጫኑ፤ ባለቤቱ ፊት ይፈታ፣ ይታይ፣ እንደገና ይቋጠር። ጫት በኢማራትም በሳዑዲም የተከለከለ ነው፤ እዚህ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጡ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም እዚያ ያለ ፈቃድ አይገቡም። ከዚህ ውጪ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃውን ስታደርሱ ለባለቤቷ በእጇ ለመስጠት ሞክሩ። ካልተቻለ ድምፅዋን በስልክ ስሙ። ስትመለሱም ለእናቷ «ደርሶላታል» ብቻ አትበሉ፤ «አግኝቻታለሁ» ወይም «አላገኘኋትም» በሉ። ሁለተኛው መልስ ቢያስደነግጥም ፍለጋ የሚጀመረው ከእሱ ነው።

ለቤተሰብ፦ ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት በዚያ ከተማ ያለች አንዲት የታመነች ሴት ስምና ስልክ በቃሏ ትያዝ። ስልኳ ቢወሰድባት ከጭንቅላቷ ማንም አይወስድባትም።

ለመስጊዶቻችንና ለመጅሊስ፦ ከሑጅና ዑምራ ተጓዦች ጋር የምናደርገው የስንብት ትምህርት ለሥራ ለሚሄዱትም ይድረስ። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይሰጣል፤ የእኛ ድርሻ በአንድ ጁሙዓ ኹጥባ የሳምንት ዕረፍት፣ የፓስፖርትና የደመወዝ መብቷን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስልጢኛ መንገር ነው።

በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ በወሰደችው እርምጃ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ቦሌ ላይ የነበረውን ያየ ሰው አይረሳውም። ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ላስቲክ አንጠልጥለው ይወርዱ ነበር። ያኔ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር የተነሳነው። እንዲህ ያለ ቀን አላህ አይመልስብን፤ ከመጣ ግን መዝገብ የያዘ ጀመዓና መዝገብ የሌለው ጀመዓ አንድ አይሆኑም።

ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ረመዳን በዱባይ፣ በሪያድ፣ በኩዌት፣ በቤሩት ማዕድ የምትዘረጉ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ ከእናንተ ይቀበላችሁ። አዛን ብሎ ተምሩ ከመነሳቱ በፊት ግን አንድ ደቂቃ ስጡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ማን ቀረ? ስሟን ጥሩ። ድርሻዋን በሳህን አንሱና ክደኑት፤ የሚያደርስም መድቡ።

ወላሁ አዕለም።